የሚዲ ማዞሪያ አመራረጥ

ባለፈው ዓመት እዚህ ማክሰኝት በወላጆች በዓል ላይ የተቀዳው ማሲንቆ በድንገት ጮኾ ጆሮአችሁን ያሳመመው በእኔ እጅ ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ምክንያቱን ላስረዳ። እኔና ጓደኛዬ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምነው ገንዘብ የሚገዛው አንድ መሣሪያ ብቻ ስለ ሆነ፥ ነገሩን አጥርቶ ማወቅ ግድ ሆኖብናል።

ሚዲ ማለት የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒዩተር የሚግባቡበት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 የወጣ ስምምነት ነው። ማዞሪያው ራሱ ድምፅ የለውም፤ ሲዞር ቁጥር ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም በቁጥሩ መሠረት ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የሀገራችንን ዜማ በኤሌክትሪክ መሣሪያ መጫወት የዛሬ ነገር አይደለም፤ ኃይሉ መርጊያ በዚያው አቆጣጠር በ1985 ባወጣው ሥራ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ ጋር አዋህዶ ተጫውቷል።

ማዞሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ መነሻና መድረሻ አለው። ርካሽ ነው፤ እጅም ቶሎ ይለምደዋል። ችግሩ ዘፈን ሲለወጥ ነው። በበዓሉ ዕለት የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጨርስ ማዞሪያው 120 ላይ ቆሞ ነበር፤ የሁለተኛው ዘፈን ማሲንቆ ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ 40 ላይ ተቀምጧል። ጥቂት ብነካው ከ40 ዘልሎ 121 ገባ፤ የሆነውንም ሰምታችኋል። (ማዞሪያው 40ን እስኪያልፍ ድረስ ኮምፒዩተሩ እንዳይሰማው ማድረግ በብዙ ፕሮግራሞች ይቻላል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከበዓሉ በኋላ ነው።) ሁለተኛው ዓይነት መድረሻ የሌለው፥ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ነው። ኮምፒዩተሩ ያለበትን ቁጥር ከነገረው ከዚያው ይቀጥላል፤ አንዳንዱም የደረሰበትን በዙሪያው በሚበሩ ትንንሽ መብራቶች ያሳያል።

የሚላከው ቁጥር እንደ ልማዱ ከ0 እስከ 127 ነው። ይህ ለድምፅ መጠን ይበቃል። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት የሚሰማውን ለማስመሰል ግን አይሆንም፤ ሁለት ኦክታቭ በ127 ቢከፈል እያንዳንዱ ርምጃ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ነውና፥ ትዝታን ለለመደ ጆሮ ደረጃ እንደ መውረድ ይሆናል። ለዚህ በኪቦርድ ላይ ያለው የድምፅ ማጠፊያ ይሻላል፤ እርሱ እስከ 16,384 ደረጃ ሊልክ ይችላል።

ደግሞም መሣሪያው ኃይሉን በዩኤስቢ ሽቦ ከኮምፒዩተሩ የሚወስድ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ያሠራዋል።

እኛ መድረሻ የሌለውን መርጠናል። ያልተስማማነው በብዛቱ ነው። ጓደኛዬ 16 ማዞሪያ ያለው ይሁን ይላል፤ እኔ ግን ያለኝ እጅ ሁለት ስለ ሆነ 8 ይበቃል፥ በተረፈው ገንዘብ ለማሲንቆው ማይክሮፎን እንግዛ እላለሁ።