የኃላፊው የግል ወረቀት፦ ወራሹ ማነው?

(ለታሪክና ለኅብረተሰብ ትምህርት ሠልጣኞች የቀረበ ጥናት)

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም በጽሑፍ ያለውን የሚወርሰው ማነው? የሚለው ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወራሽ አለው። መዝገብ ቤት አለ፤ የፋይል ቁጥር አለ። የሰው የግል ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ወራሽ የለውም። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ከአሮጌ ጫማ ጋር ይጣላል፤ አለበለዚያም የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግል ወረቀት ለታሪክ ትምህርት የሚሰጠውን ጥቅም፣ እንዴት እንደሚነበብና እንዴት ከጥፋት እንደሚድን ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጡት የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው። «ታዲያ ለምን የጠፈር ሰዎች?» ትሉ ይሆናል። ሮኬት ሲተኮስ ዓለም ሁሉ ያያል፤ እንዲተኮስ የተወሰነበትን ጠረጴዛ ግን የሚያይ የለም። ያንን ጠረጴዛ የሚያሳየን ወረቀት ነው።

1. የግል ወረቀት ምንድን ነው?

የግል ወረቀት ስንል አንድ ሰው በሕይወቱና በሥራው ዘመን የጻፋቸውን፣ የተቀበላቸውንና ያስቀመጣቸውን ጽሑፎች ማለታችን ነው። ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ የንግግር ረቂቅ፣ የቀጠሮ ደብተር፣ በስብሰባ ላይ የተጫረ ቁራጭ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ የተቀመጠ ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል።

የመሥሪያ ቤት ሰነድና የግል ወረቀት የሚለያዩት በማኅተም ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የተወሰነውን ይነግረናል። የግል ወረቀቱ ደግሞ ከውሳኔው በፊት የነበረውን ማመንታት ይነግረናል። ደብዳቤው «ተፈቅዷል» ይላል፤ ረቂቁ ግን ስንት ጊዜ እንደተሰረዘና ከየትኛው ቃል በኋላ ብዕሩ እንደቆመ ያሳያል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኃላፊው ወደ ቤቱ ወስዶ ያስቀረው የመሥሪያ ቤት ፋይል የግሉ አይደለም። የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

2. ለልጆቹ የጻፈው ኃላፊ

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ናሳ፣ የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ ቲ. ኪት ግሌናን ይባላል። ሥራውን የያዘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1958 ሲሆን፣ የለቀቀው በጥር 1961 ነው። ግሌናን የመጣው ከትምህርት ቤት ነው፤ በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኘው የኬዝ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ነበር።

ይህ ሰው በሥልጣን ላይ ሳለ ማስታወሻ ይዟል። የጻፈው ለአንባቢ ሕዝብ ሳይሆን ለልጆቹ ነበር። ከበጀት ጋር የነበረውን ትግል፣ ከጦር ኃይሉ ጋር የነበረውን ጭቅጭቅ፣ የሮኬት ጠበብቱ እነ ፎን ብራውን ከጦር ሠራዊቱ ወደ ናሳ ሲዛወሩ የነበረውን ውጣ ውረድ ሁሉ አስፍሯል። ናሳ ይህን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1993 በመጽሐፍ መልክ አሳትሞታል። ለልጆች የተጻፈው የአንድ አገር ታሪክ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ለእኛ ለመምህራን ግን ዋናው ትምህርት ሌላ ቦታ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከጥር 1960 ጀምሮ ያለው በየወሩ የተከፋፈለ የዕለት ማስታወሻ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት 15 ወራት ግን በኋላ በትዝታ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ያው ነው፤ መጽሐፉም ያው ነው፤ ክብደቱ ግን እኩል አይደለም። የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ትዝታ የሚጽፍ ሰው መጨረሻውን አውቆ ይጽፋል፤ ሳያስበውም ያለፈውን ያስተካክላል። ስለሆነም ማንኛውንም የግል ወረቀት ስናነብ ሁለት ጥያቄ እናስቀድም፦ መቼ ተጻፈ? ለማን ተጻፈ?

3. ወረቀት ፊት የቀረበ ስም

ሁለተኛው ምሳሌ ጄምስ ዌብ ነው። ዌብ ናሳን ከየካቲት 1961 እስከ ጥቅምት 1968 (እ.ኤ.አ.) መርቷል። ሳይንቲስት አልነበረም፤ የሕግና የአስተዳደር ሰው ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1952 በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። የግል ወረቀቶቹ የፕሬዚዳንት ትሩማን መታሰቢያ በሆነው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ናሳ ለአዲሱ ታላቅ የጠፈር ቴሌስኮፕ የዌብን ስም ሰጠ። ቴሌስኮፑ የተተኮሰው በታኅሣሥ 2021 ነው። በዚሁ ዓመት ግን ብዙ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ስሙ እንዲቀየር ጠየቁ። ምክንያታቸው ዌብ ባለሥልጣን በነበረበት ዘመን በወሲባዊ ዝንባሌያቸው ምክንያት ሠራተኞች ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ ስለነበረ፣ እሱም ተጠያቂ ነው የሚል ነበር።

ታዲያ ማን ይፍረድ? ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1992 ሞቷል፤ ተጠርቶ አይጠየቅ። የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። የናሳ የታሪክ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1969 ያለውን ዘመን የሚመለከቱ ከ50,000 ገጽ በላይ ሰነዶችን መረመረ፤ የትሩማን ቤተ መዛግብትም አንዱ ነበር። በኅዳር 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ዌብን ከማባረሩ ሥራ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ። ስሙም ባለበት ጸና። ተቃዋሚዎቹ ግን አላረኩም፤ «የመሥሪያ ቤቱ የበላይ የነበረ ሰው በሥሩ ለሚደረገው ኃላፊነት አለበት» ብለው ተከራከሩ።

ልብ በሉ፤ «ማስረጃ አልተገኘም» ማለትና «አልተደረገም» ማለት አንድ አይደሉም። «በሥልጣን ላይ ነበረ» ማለትና «እሱ አደረገው» ማለትም አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ተማሪው ከገባው የታሪክ ትምህርት ግማሹን ተምሯል ማለት ይቻላል። ደግሞም ወረቀቱ ባይቀመጥ ኖሮ ክርክሩ ምን ይመስል ነበር? ከሳሹም ተከላካዩም በወሬ ይጯጯሁ ነበር።

4. ወደ አገራችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በ2009 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመንግሥት ተቋቋመ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተተኮሰች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ።

ከዚህ ምን እንማራለን? መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲለውጥና ሲዋሐድ ፋይሎቹ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ይተላለፋሉ፤ ሕጋዊ ወራሽ አላቸው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. ማኅበሩን ለማቋቋም የሮጡት ሰዎች ደብዳቤ፣ በየስብሰባው የያዙት ደብተር፣ «ይኼ ለድሀ አገር ምን ያደርጋል?» ለሚላቸው ሰው ያረቀቁት መልስ፣ እነዚህ በውሕደት አይተላለፉም። ያሉት በየሰዉ ቤት ነው።

የማኅበሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ እንደ እብድ ተቆጥረው እንደነበር ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ይህ ጥሩ ምስክርነት ነው። ሆኖም ከሳካላቸው በኋላ የተነገረ ትዝታ ነው፤ እንደ ግሌናን የመጀመሪያዎቹ 15 ወራት። በጊዜው የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ቢቀመጥበት ትዝታውና ወረቀቱ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

5. ካዛንቺስና ሣጥኑ

ይህ ጉዳይ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። የካዛንቺስ ስም ራሱ ከቢሮ ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙ ቀረ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአጠገቡ ተመረቀ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም መቀመጫው እዚያው ሆነ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ጸሐፊው፣ አስተርጓሚው፣ ካርታ ነዳፊው፣ ሹፌሩ፣ መምህሩ በየቤቱ ወረቀት ቢኖረው አያስገርምም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ቤት የለቀቀ ሁሉ እንደሚያውቀው ዕቃ ሲጫን መጀመሪያ የሚወጣው ፍሪጅና አልጋ ነው። ከአልጋ ሥር ያለው የወረቀት ሣጥን መጨረሻ ይቀራል። አንዳንዱም ጨርሶ አይጫንም። ጎረቤት ሲበተን ደግሞ «ይህ ፎቶ ላይ ያሉት ጋሽ እገሌ ናቸው» የሚል ሰውም አብሮ ይበተናል። ወረቀቱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነብልን እናጣለን። ስለዚህ የወረቀት ነገር «ሲመቸን እናየዋለን» የሚባል አይደለም።

6. መምህሩ ምን ያድርግ?

ሀ) ተማሪ ወረቀት ከቤት እንዲያመጣ አይታዘዝ። መጀመሪያ ባለቤቱ ወይም ወራሹ ይፈቀድ፤ ወረቀቱ ከቤት ሳይወጣ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

ለ) የወረቀቱ ቅደም ተከተል አይፍረስ። ባለቤቱ ሁለት ደብዳቤ አንድ ላይ ካሰረ ምክንያት ይኖረዋል። ሥርዓት እናስይዝ ብለን ስንበታትነው ምክንያቱን እናጠፋለን።

ሐ) የማን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳስረዳ፣ በምን ቀን እንደተመዘገበ በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍ። በሰነዱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ክልክል ነው።

መ) የዛገ ስፒል በጥንቃቄ ይውጣ። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ግን ይብሳል፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያበላሻል። ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከእርጥበት፣ ከፀሐይ፣ ከአይጥና ከብል ይራቅ።

ሠ) በሕይወት ያለ ሰው ምስጢር፣ የሕመም ወረቀት፣ የቤተሰብ ጠብ ክፍል ውስጥ አይነበብ። የታሪክ ትምህርት የሰው ገመና መግለጫ አይደለም።

ረ) ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ሲገኝ ቤተሰቡ እንዲያማክር ወመዘክር ወይም በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይጠቆም። መስጠት አለመስጠት ግን የቤተሰቡ ውሳኔ ነው።

የዛሬ ኃላፊ ማስታወሻው በስልኩ ውስጥ መሆኑም አይዘንጋ። የወረቀት ሣጥን ከአልጋ ሥር ሠላሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የተሰበረ ስልክ ውስጥ ያለ መልእክት ግን የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ወራሹን ሕግ ይሾምለታል። የግል ወረቀትን ወራሽ ግን የሚሾመው አጠገቡ ያለ አስተዋይ ሰው ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚገባው ለእጩ መምህራን መንገር አያስፈልግም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዕለት ማስታወሻና ትዝታ በምን ይለያያሉ? ከአካባቢያችሁ ምሳሌ ስጡ።

2. «ማስረጃ አልተገኘም» የሚለውን አነጋገር ለ8ኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዳላችሁ?

3. አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የደብዳቤ ሣጥን ለቆራሌው ሊሰጡ ነው እንበል። ምን ትሏቸዋላችሁ? ምንስ ከማለት ትቆጠባላችሁ?