ስድስቱ የሚጀምረው ከየት ነው?
የፕላኔቶች ሻምፒዮናን በክፍል ውስጥ ስለማካሄድ



ስበትን ማስተማር ቀላል ይመስላል። «የጨረቃ ስበት የመሬት አንድ ስድስተኛ ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍና ማስገልበጥ ነው። ተማሪውም ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። እኛ ይህን ለማስቀረት አስበን ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ «የፕላኔቶች ሻምፒዮና» ያልነውን የሚና ጨዋታ አዘጋጅተን ወደ አንድ 6ኛ ክፍል ገባን። ክፍሉ በአራት ቡድን ተከፈለ፤ የመሬት፣ የጨረቃ፣ የማርስና የመንኮራኩር ቡድን ተባሉ። እያንዳንዱ ቡድን «በሚኖርበት» ሥፍራ ሊካሄድ የሚችል አዲስ ስፖርት ፈጥሮ ደንቡን ለሌሎቹ ማስረዳት ነበረበት።

ጨዋታው ደመቀ። ከጨረቃ ቡድን አንዲት ልጅ ብድግ ብላ «የዓለም የከፍታ ዝላይ ክብረ ወሰን 2 ሜትር ከ45 ነው፤ በስድስት ሲባዛ 14 ሜትር ከ70 ይሆናል፤ ስለዚህ የእኛ አግዳሚ እዚያ ላይ ይሰቀላል» አለች። እኛም አጨብጭበን ሙሉ ነጥብ ሰጠን። ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ስድስቱ የሚጀምረው ከየት ነው? ከእግር ነው ወይስ ከሆድ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም አብረን ሳቅንና «ተቀመጥ፣ ሰዓት እየሄደ ነው» አልነው።

ማታ ትምህርቱን ስንገመግም ግን ሳቃችን ጠፋ። ልጁ ትክክል ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እነሆ ዘግይተንም ቢሆን የተማርነውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ/ የልጁ ጥያቄ መልስ

ሰው ቆሞ ሳለ የክብደቱ ማዕከል የሚገኘው እምብርቱ አካባቢ ነው። ለረጅም ዘላይ ይህ ከእግሩ ሥር በግምት 1 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው እንበል። እንግዲህ ዘላዩ ሳይዘልም ይህች 1 ሜትር አለችው። በጉልበቱ ያገኛት አይደለችም፤ ቁመቱ የሰጠው ናት። የኩባው ሶቶማዮር እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. 2 ሜትር ከ45 ሲዘል፣ በዚህ ግምት መሠረት ዝላዩ የጨመረለት 1 ሜትር ከ45 ገደማ ብቻ ነው።

የስበት ማነስ የሚያበዛው ይህን የተጨመረውን ብቻ ነው። ቁመትን አያበዛም። ስለዚህ ዘላዩ በዚያው የመነሻ ፍጥነት ከጨረቃ ላይ ቢነሳ፣ 1 ሜትር ከ45 በስድስት ተባዝቶ 8 ሜትር ከ70 ይሆናል። በዚህ ላይ የቁመቱ 1 ሜትር ሲደመር 9 ሜትር ከ70 ይመጣል። እኛ ካጨበጨብንለት 14 ሜትር ከ70 ጋር ሲነጻጸር የ5 ሜትር ልዩነት አለው። ስድስቱ የሚጀምረው ከሆድ ነው ማለት ነው!

«በዚያው የመነሻ ፍጥነት» ያልነውንም ልብ በሉ። ከፍታ ዘላይ ያን ፍጥነት የሚያገኘው ተንደርድሮ ነው። በጨረቃ ላይ ግን እግር መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀንስ እንደ ልብ መንደርደር የለም። በዚያ ላይ የጠፈር ልብሱ አለ። ስለዚህ 9 ሜትር ከ70 የሚባለውም የወረቀት ስሌት ነው።

2ኛ/ በእውነት የተሞከሩ ጨዋታዎች

ተማሪ «ይህ ሁሉ ተረት ነው» እንዳይል፣ በእውነት የሆኑትን መንገር ጥሩ ነው።

ሀ. እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. በሶዩዝ 9 መንኮራኩር ውስጥ የነበሩት ኒኮላየቭና ሴቫስቲያኖቭ፣ በምድር ላይ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር በሬዲዮ ቼዝ ተጫውተዋል። ጨዋታው በአቻ ውጤት አለቀ። ጠጠሮቹ እንዳይንሳፈፉ ሰሌዳው ላይ ተይዘው እንዲንቀሳቀሱ ተደርገው ነበር የተሠሩት።

ለ. እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 ዓ.ም. የአፖሎ 14ቱ አለን ሼፐርድ በጨረቃ ላይ ሁለት የጎልፍ ኳሶች መታ። ሁለተኛይቱን ሲመታ እጅግ ርቃ እንደሄደች ተናግሮ ነበር። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ፎቶግራፎቹ እንደገና ሲመረመሩ የሄደችው 37 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ልብሱ አላላውስ ስላለው በአንድ እጁ ብቻ ነበር የመታት። ስበት ቢያንስም የሚመታው ሰው ነውና፣ የሰውየው እጅ ከታሰረ ኳሷም ሩቅ አትሄድም።

ሐ. እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. የአፖሎ 16ቱ ቻርልስ ዱክ በጨረቃ ላይ ከፍታ ዝላይ ሞከረ። ዓመቱ የኦሎምፒክ ዓመት ስለነበር የራሳቸውን «ኦሎምፒክ» ማድረጋቸው ነበር። ዱክ ዘለለ፤ ነገር ግን በጀርባው የተሸከመው መሣሪያ ወደ ኋላ ጎተተውና በጀርባው ወደቀ። የሚተነፍሰው አየር ያለው በዚያው መሣሪያ ውስጥ ነው። መሣሪያው ቢሰበር ኖሮ ሞት ነበር። ደግነቱ ተረፈ፤ በጣም እንደደነገጠም በኋላ ራሱ ተናግሯል።

መ. እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ አራት ጠፈርተኞች ሁለት ለሁለት ሆነው ባድሜንተን ተጫውተዋል።

3ኛ/ ሰሌዳ ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች

ለጨዋታው የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። የአየርን ግፊያ ትተን እናስላ።

በመሬት ላይ፦ የሚወድቅ ነገር በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። በ10 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ 5 ሜትር ያህል ወጥቶ በ2 ሰከንድ ይመለሳል። በ20 ሜትር በሰከንድ፣ በ45 ዲግሪ የተመታ ኳስ 41 ሜትር ርቆ ይወድቃል።

በማርስ ላይ፦ የስበቱ መጠን 3.7 ነው። ያው ኳስ 13 ሜትር ተኩል ይወጣል፣ በ5.4 ሰከንድ ይመለሳል። የተመታው ደግሞ 108 ሜትር ይሄዳል።

በጨረቃ ላይ፦ 1.62 ነው። ኳሱ 31 ሜትር ይወጣል፣ ለመመለስ 12 ሰከንድ ይፈጅበታል። የተመታው 247 ሜትር ይርቃል።

አንድ ነገር ግን አይለወጥም፤ እሱም መጠነ ቁስ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሆነ ልጅ በመሬት ላይ 588 ኒውተን ይመዝናል፤ በጨረቃ ላይ 97 ኒውተን ብቻ ይመዝናል። መጠነ ቁሱ ግን በሁለቱም ሥፍራ 60 ኪሎ ግራም ነው። በሩጫ ከጓደኛው ጋር ቢጋጭ የሚያመው ያው እንደ መሬቱ ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ለመቆም ይቸገራል። በ5 ሜትር በሰከንድ የሚሮጥ ልጅ በመሬት ላይ ተንሸራቶ በ2 ሜትር የሚቆም ከሆነ፣ ሰበቃው ክብደትን ስለሚከተል በጨረቃ ላይ ለመቆም 12 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

4ኛ/ አዲስ ስፖርት እንዴት ይፈጠራል?

«ፍጠሩ» ብሎ መተው አይበቃም። ልጆቹ ከሚያውቁት ጨዋታ ይነሱና እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይመልሱ።

— ኳሱ ምን ይሆናል? ምን ያህል ይወጣል፣ ምን ያህል ይርቃል?
— የተጫዋቹ እግር ምን ይሆናል? ይሮጣል? ይታጠፋል? ይቆማል?
— አየር አለ ወይ? በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ፊሽካ አይሰማም፤ ኳስም ጠምዝዞ አይሄድም።
— መልእክት ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሬዲዮ ከመሬት እስከ ጨረቃ 1.3 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። እስከ ማርስ ግን እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ።
— ሰው የሚጎዳው በምንድን ነው? የዱክን አወዳደቅ ያስታውሷል።

ከዚህ በኋላ ደንብ ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ደንብ «ስለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ምክንያት የሌለው ደንብ ይሰረዛል።

5ኛ/ ሦስት ምሳሌዎች

የማርስ ገና። ልጆቹ የገና ጨዋታን ያውቁታል። በማርስ ላይ ኳሷ ከመሬቱ 2.6 እጥፍ ገደማ ትርቃለች፤ ስለዚህ ሜዳው በዚያው ልክ ይርዘም ይላሉ። ጥሩ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሜዳ ማን ይሮጠዋል? ሯጩ 2.6 እጥፍ አልፈጠነም! አንዱ ቡድን ተጫዋች እንጨምር ይላል፤ ሌላው ኳሷን እናለስልስ ይላል። ሁለቱም መልስ ይሆናሉ። ዋናው ነገር መከራከራቸው ነው።

የጨረቃ መረብ ኳስ። ወደ ላይ የተመታች ኳስ ለመውረድ 12 ሰከንድ ከፈጀባት ጨዋታው ያንቀላፋል። ስለዚህ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የመታ ነጥብ ይቀነስበታል የሚል ደንብ ይወጣል። ዳኛው በፊሽካ ፋንታ ባንዲራ ያነሳል። ጀርባውን ለሰጠ ተጫዋችስ? እሱንም ራሳቸው ያስቡበት።

የመንኮራኩር ግፊያ። ክብደት በማይሰማበት ሥፍራ ሁለት ተጫዋቾች ከባድ ኳስ ይወራወራሉ። የወረወረ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የቀለበም ወደ ኋላ ይሄዳል። 60 ኪሎ ግራም የሆነ ተጫዋች 3 ኪሎ ግራም ኳስ በ4 ሜትር በሰከንድ ቢወረውር፣ እሱ ራሱ በ0.2 ሜትር በሰከንድ ወደ ኋላ ይንሳፈፋል፤ በ10 ሰከንድ 2 ሜትር ማለት ነው። ተጫዋቹ 40 ኪሎ ግራም ከሆነ ፍጥነቱ 0.3 ይሆናል። በጀርባው ግድግዳውን ቀድሞ የነካ ይሸነፋል። በክፍል ውስጥ ይህን ለማሳየት የጨርቅ ኳስ ይበቃል፤ ልጁ ከወረወረ በኋላ ስሌቱ የሰጠውን ያህል ርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኒውተን ያለውን በእግሩ ይማረዋል።

6ኛ/ ክፍል ውስጥ ስናካሂደው

ተማሪው 60ም ሆነ 70 ይሁን፣ ጠመኔ፣ ገመድና የጨርቅ ኳስ ካለ ይሆናል። ሚናዎቹን ማብዛት ይጠቅማል፤ ተጫዋች፣ ዳኛ፣ ሒሳብ ሠሪ፣ ሐኪም፣ ሬዲዮ ያዥ። ሬዲዮ ያዡ የማርስ ቡድንን መልእክት ለ3 ደቂቃ ይዞ ሲያዘገየው፣ ቡድኖቹ ሲቁነጠነጡ ታያላችሁ። ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ሦስት ነገሮች ግን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጮክ ብሎ የሚናገረው ብቻ እንዳይመራ ሚናው በየዙሩ ይቀያየር። ሁለተኛ፣ ነጥብ የሚሰጠው ለድምቀቱ ሳይሆን ለምክንያቱ ይሁን። እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው፤ 14 ሜትር ከ70 ትልቅ ቁጥር ስለሆነ ደስ አለንና አጨበጨብን። ሦስተኛው፣ «የጥያቄ ዳኛ» የሚባል አንድ ሚና ይኑር። ሥራው የሌሎቹን ስሌት «ከየት ጀመርክ?» እያለ መጠየቅ ነው። ይህን ሚና የያዘ ልጅ ሲጠይቅ ማንም አይስቅበትም፤ ሥራው ነውና።

በማግስቱ ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለን፣ በአንድ በኩል የትናንቱን 14 ሜትር ከ70፣ በሌላው 9 ሜትር ከ70 ጻፍን። «ትናንት ተሳስተን ነበር። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው ጓደኛችሁ ነው፤ እኛ ግን ሳቅንበት» አልን። እውነት ለመናገር ይህን ለማለት ምላሳችን ከብዶን ነበር። ፈታኝ መምህራችን ከኋላ ተቀምጠው ነጥብ እየያዙ ነበርና፣ ማርካችን መውደቁ ነው ብለንም ፈርተን ነበር። ልጁ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሙሉ ነጥብ ያገኘችው ልጅ ደግሞ እጇን አውጥታ «እንግዲያው እኔ አጭር ነኝና የእኔ ስንት ይሆናል?» አለች። በዚያች ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ቁመቱን ይለካ ጀመር። በትናንቱ ጭብጨባ ያላገኘነውን ትምህርት በዚያች ጥያቄ አገኘነው።

7ኛ/ ለአንባቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ. የክብደት ማዕከሏ በ80 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ አንዲት ተማሪ በመሬት ላይ ማዕከሏን በ40 ሳንቲ ሜትር ታነሳለች። በዚያው የመነሻ ፍጥነት በጨረቃ ላይ ማዕከሏ ስንት ሜትር ይደርሳል?

ለ. በጨረቃ ላይ የገመድ ጉተታ ቢካሄድ የሚያሸንፈው ጉልበተኛው ነው ወይስ እግሩ መሬቱን የያዘለት?

ሐ. የሳተርን ጨረቃ የሆነችው ታይታን ስበቷ ከእኛ ጨረቃ በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ አየሯ ግን ከመሬት አየር አራት እጥፍ ገደማ የጠበቀ ነው። ቅዝቃዜውን የሚችል ልብስ ለለበሰና በክንዱ ላይ ክንፍ ላሰረ ሰው ምን ዓይነት ስፖርት ትፈጥሩለታላችሁ?

መልሳችሁን፣ የፈጠራችሁትንም ስፖርት ከነደንቡ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን። እኛ በጻፍነው ላይ ስሕተት ካገኛችሁም ከሥሩ በእርሳስ አርሙት። አንስቅም።