ፈጣን ኮምፒውተር ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለሶፍትዌር ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር መምረጥ ብዙውን ጊዜ የገበያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። በመሠረቱ ግን ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። አንድ ሥራ በምን ያህል ጊዜ ይጠናቀቃል? ያንን ጊዜ የሚወስነውስ የትኛው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው? በዚህ ጽሑፍ አንድ ተማሪ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያሰላቸው የሚገቡ ነገሮችን በቅደም ተከተል ለማየት እንሞክራለን።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ወር ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሆኑ። አንደኛው 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በፕሮግራም ጽሕፈትና በተዛማጅ ሙያዎች ለማሠልጠን የታለመው የ«5 ሚሊዮን ኮደርስ» መርሐ ግብር መጀመሩ ነው። ሁለተኛው የብር የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ሲሆን፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ወጣት ቁጥር ሲጨምር ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋም አብሮ ንሯል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ግዢ በዩኒቨርሲቲ ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ በመሆኑ፣ ያለ ስሌት ከተፈጸመ ጉዳቱ ለዓመታት ይዘልቃል።

ከካዛንቺስ የምናገኘው ትምህርት

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በመስቀል አደባባይና በካዛንቺስ መካከል የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ በመባል የሚታወቅ የመረጃ ማዕከል አቋቁሞ ነበር። ሀገራችን ከኢንተርኔት ጋር ሙሉ በሙሉ ከመገናኘቷ በፊት፣ ማለትም ከ1989 ዓ.ም አስቀድሞ፣ ይህ ማዕከል በፊዶኔት ሥርዓት የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶቹ በኮምፒውተር ተጠራቅመው በስልክ መስመር በየጊዜው ይላኩ ነበር።

በዚያ ዘመን ከተለመዱት ሞደሞች አንዱ በሰከንድ 9,600 ቢት ያስተላልፍ ነበር። እስቲ አንድ ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 8 ሚሊዮን ቢት፣ በዚህ መሣሪያ እንላክ። 8 ሚሊዮንን ለ9,600 ስናካፍል 833 ሰከንድ ወይም 14 ደቂቃ ገደማ እናገኛለን። በሁለቱ የመስመሩ ጫፎች ያሉት ኮምፒውተሮች በእጥፍ ፈጣን በሆኑ ሌሎች ቢተኩ፣ የማስተላለፊያው ጊዜ 14 ደቂቃ እንደሆነ ይቀራል። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ዘገምተኛው ክፍል ነውና። ይህ መርሕ ዛሬም አልተለወጠም። የተለወጠው ዘገምተኛው ክፍል የሚገኝበት ቦታ ብቻ ነው።

የጊጋኸርዝ ቁጥር ምን ይነግረናል?

በገበያ ላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈው ቁጥር የፕሮሰሰሩ ድግግሞሽ ነው። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ነው። የአንዱ ምት ጊዜ 0.25 ናኖሰከንድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር እንደ ልብ ማሳደግ ግን አይቻልም። ፕሮሰሰሩ የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል ከድግግሞሹና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ድግግሞሹ ከፍ ሲል ቮልቴጁም አብሮ ከፍ ማለት ስላለበት፣ ፍጆታው በግምት በድግግሞሹ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ድግግሞሹን በ20 በመቶ ብንጨምር 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.73 ይሆናል፤ ሙቀቱም በ73 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ፔንቲየም 4 የተባለውን ፕሮሰሰር በ3.8 ጊጋኸርዝ ገድቦ ባለ 4 ጊጋኸርዙን የመሥራት ዕቅዱን የሰረዘው በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ድግግሞሹን ከማሳደግ ይልቅ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ የሚገኙትን ኮሮች ማብዛትን መርጠዋል።

ኮር ሲበዛ ሥራ ሁልጊዜ ይፈጥናል?

የቡና ሥነ ሥርዓትን እንውሰድ። አንዷ ስትቆላ ሌላዋ ሲኒ ታጥባለች፤ ሦስተኛዋ ፈንዲሻ ታዘጋጃለች። ይሁን እንጂ ጀበናው የሚፈላበትን ጊዜ አሥር ሰው ቢሰለፍም አያሳጥረውም። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ በቁጥር ይገልጸዋል።

በአንድ ኮር 10 ደቂቃ የሚፈጅ የኮምፓይለር ሥራ አለን እንበል። ከሥራው 20 በመቶው፣ ማለትም 2 ደቂቃው፣ ሊከፋፈል የማይችል ይሁን። ቀሪው 8 ደቂቃ በ8 ኮር ሲከፋፈል 1 ደቂቃ ይሆናል፤ ጠቅላላው 3 ደቂቃ ነው። በ16 ኮር ደግሞ ጠቅላላው 2 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የኮሮቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ያተረፍነው 30 ሰከንድ ብቻ ነው። የፈለገውን ያህል ኮር ብንጨምርም ከ2 ደቂቃ በታች መውረድ አንችልም። ስለዚህ ለአብዛኛው የተማሪ ሥራ ከ6 እስከ 8 ኮር በቂ ሆኖ ይገኛል፤ ለተጨማሪዎቹ የሚወጣው ገንዘብ በሌላ ቦታ የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።

ያ «ሌላ ቦታ» የት ነው?

ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን መረጃ ከራም ያመጣል፤ በራም ከሌለ ከዲስክ ይፈልጋል። የጊዜ ልዩነቱን ለመረዳት የፕሮሰሰሩን አንድ ምት አንድ ሰከንድ አድርገን እንለጥጠው። በዚህ መለኪያ ከራም መረጃ ማምጣት፣ በ100 ናኖሰከንድ ግምት፣ 7 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ኤስኤስዲ በሚባለው ተንቀሳቃሽ አካል በሌለው ማከማቻ 100 ማይክሮሰከንድ የነበረው ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይሆናል። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ 10 ሚሊሰከንዱ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ይሆናል!

ሃርድ ዲስክ የሚዘገየው መካኒካዊ መሣሪያ ስለሆነ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ የሚፈለገው መረጃ ከአንባቢው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ ይጠበቃል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን የሚያስነብብ በመሆኑ ይህ ጥበቃ በየጊዜው ይደጋገማል።

አሁን የራምን መጠን እናስላ። በግምት ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ 3፣ ብዙ ገጾች ለተከፈቱበት ብራውዘር 3፣ ለኮድ መጻፊያው 2፣ ለአንድሮይድ ስልክ ማስመሰያው 4 ጊጋባይት እንያዝ። ድምሩ 12 ነው። ኮምፒውተሩ ያለው 8 ጊጋባይት ከሆነ የተረፈው 4 ጊጋባይት ወደ ዲስክ ይገፋል። ከላይ ባየነው መለኪያ የደቂቃዎች ጉዳይ የነበረው ወደ ቀናት፣ ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነም ወደ ዓመት ይለወጣል። በመሆኑም ባለ 16 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው መካከለኛ ፕሮሰሰር፣ ባለ 8 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ካለው ውድ ፕሮሰሰር በእንዲህ ያለ ሥራ ይበልጣል።

የአዲስ አበባ ከፍታና የኮምፒውተር ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠለል 1.2 ግራም ቢመዝን፣ በካዛንቺስ 0.9 ግራም ይመዝናል።

የላፕቶፑ ማራገቢያ በሰከንድ 5 ሊትር አየር ያሳልፋል፤ የሚወገደው ሙቀትም 45 ዋት ነው እንበል። አንድ ግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል 6 ግራም አየር ስለሚያልፍ አየሩ በ7.5 ዲግሪ ይሞቃል፤ በአዲስ አበባ 4.5 ግራም ብቻ ስለሚያልፍ በ10 ዲግሪ ይሞቃል። እርግጥ የከተማችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ሆኖም ማራገቢያው በአቧራ ሲደፈን ወይም ላፕቶፑ አልጋ ላይ ሲቀመጥ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ድግግሞሹን ይቀንሳል። ያን ጊዜ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጊጋኸርዝ የወረቀት ቁጥር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በጣም ከሳሳ ላፕቶፕ ይልቅ ሰፊ የአየር መውጫ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

መብራት መቋረጥንም በስሌቱ ማስገባት ይገባል። ባለ 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ላፕቶፕ 15 ዋት ሲፈጅ ከ3 ሰዓት በላይ ያሠራል። 150 ዋት የሚፈጅ ዴስክቶፕ ግን ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ባለው ዩፒኤስ በስሌት 34 ደቂቃ፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይቆያል። ያ ጊዜ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ለመሥራት አይበቃም።

ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ

ያገለገለ ዕቃ መግዛት አያሳፍርም፤ ነገር ግን የሚከተሉትን ማጣራት ያስፈልጋል።

1. ትውልዱ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይደግፍም። «አይ5» ከሚለው ቀጥሎ 8250 ቢል 8ኛ፣ 7200 ቢል 7ኛ ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ቀደም ያለ ትውልድ የገዛ ሰው ሊኑክስን መጠቀም ይችላል።

2. የማደግ ዕድሉ፦ ራሙ በቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። ሻጩን ክፍት ቦታ መኖሩን ይጠይቁት።

3. የሙቀት ፈተናው፦ የራሳችሁን ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ኮምፓይል አድርጋችሁ እያንዳንዱን በስልካችሁ ሰዓት ለኩ። አምስተኛው ከሁለተኛው በእጅጉ ከዘገየ ማሽኑ ሙቀቱን ማስወገድ ተስኖታል።

4. ደረሰኙ፦ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም ለመልሶ ማልማት በመፍረሱ የታወቁ የንግድ ቤቶች ሥፍራ ለውጠዋል። ሻጩን በቦታው ከማወቅ ይልቅ ዋስትናውን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

ማጠቃለያ

«የትኛው ኮምፒውተር ፈጣን ነው?» ከማለት ይልቅ «የእኔን ሥራ የሚያዘገየው የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በአብዛኛው መልሱ በመጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ማከማቻው፣ ከዚያም የሙቀት አወጋገዱ ይሆናል፤ የጊጋኸርዝ ቁጥር ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ለክቶ የገዛ ሰው ባነሰ ገንዘብ የበለጠ ይሠራል።

መልመጃ

ሀ. ከአንድ ሥራ 25 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ በ4 ኮር ስንት እጥፍ ይፈጥናል? ከፍተኛው ገደብስ ስንት ነው?
ለ. በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመዞር ስንት ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል?
ሐ. የምትኖሩበትን ከተማ ከፍታ ፈልጋችሁ፣ ከላይ የተሰጠውን ላፕቶፕ የሚያቀዘቅዘው አየር በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ አስሉ።