የአፍንጫ ፈረቃ

ብዙ ሰው አየር ሲተነፍስ በሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎች እኩል ተከፍሎ የሚገባ ይመስለዋል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። በአንድ ወቅት አንደኛው ወገን ሰፍቶ ብዙውን አየር ሲያስተላልፍ ሌላው ጠቦ ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ተራው ይለወጣል። ይህን የተፈጥሮ ክስተት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1895 በጽሑፍ ገልጾታል። ዛሬ የአፍንጫ ዑደት በመባል ይታወቃል። ክስተቱን የማያውቅ ሰው ግን እንደ በሽታ ቆጥሮ የማያስፈልገውን መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።

መጠኑን የሚለውጠው ክፍል

የአፍንጫን ውስጠኛ ክፍል አንድ ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል። በየወገኑ ከውጭኛው ጎን በኩል ሦስት ሦስት ጥምዝ አካላት ወደ መተላለፊያው ብቅ ብለው ይገኛሉ፤ እነዚህም ተርቢኔት ይባላሉ። ውስጣቸው ስስ አጥንት ሲሆን ላያቸው ዝልግልግ ፈሳሽ በሚያመነጭ ሽፋን ተሸፍኗል። ከሽፋኑ ሥር ብዙ ደም ሊይዙ የሚችሉ የደም መልስ ሥሮች አሉ። ስለዚህ ተርቢኔት የሚያብጠውና የሚቀንሰው አጥንቱ ተለውጦ ሳይሆን ሥሮቹ በደም ሲሞሉና ሲጎድሉ ነው። ለውጡ ይበልጥ የሚታየው በትልቁ፣ ማለትም በታችኛው ተርቢኔት ላይ ነው።

ፈረቃው እንዴት ይካሄዳል?

ሥሮቹን የሚቆጣጠረው ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ነው። በሲምፓተቲክ ነርቮች በኩል ወደ አንዱ ወገን የሚደርሰው መልእክት ሲጠነክር የዚያ ወገን ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ተርቢኔቱ ይቀንሳል፤ መተላለፊያውም ይሰፋል። መልእክቱ ሲላላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አንዱ ሲጠብ ሌላው ስለሚሰፋ ጠቅላላው የአየር ፍሰት ብዙም አይለወጥም፤ ለውጡን የማናስተውለውም በዚህ ምክንያት ነው። የዑደቱ ርዝመት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሥርዓቱን ጠብቆ የሚታየውም በሁሉም ሰው ላይ አይደለም።

የሰውነት ሁኔታም ለውጥ ያመጣል። ስንሮጥ በሁለቱም ወገን ያሉት ተርቢኔቶች ይቀንሳሉ። በጎን ስንተኛ ደግሞ ከታች የሚውለው ወገን ያብጣል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

አንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ይተነፍሳል። አፍንጫ ይህን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ከአቧራም ያጣራል። በዚህ ሥራ ሽፋኑ ሙቀትና እርጥበት ያጣል። በመሆኑም ፈረቃው ለአንዱ ወገን የማገገሚያ ጊዜ ይሰጣል የሚል አስተያየት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አንድን የሽታ ድብልቅ በተለያየ ሁኔታ እንደሚያሸቱ አሳይቷል። በሽፋኑ ላይ ቶሎ የሚሟሙ ሽታዎች ፈጣን ፍሰት ባለበት ወገን፣ ቀስ ብለው የሚሟሙት ደግሞ ዝግተኛ ፍሰት ባለበት ወገን ይበልጥ ይሸተታሉ።

ቀላል ሙከራ

ጉንፋን በሌለብዎት ቀን ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫዎ ሥር አግድም ይዘው አፍዎን በመዝጋት ቀስ ብለው ይተንፍሱ። በመስታወቱ ላይ ሁለት የእንፋሎት ምልክቶች ይታያሉ፤ የትኛው እንደሚሰፋ ይመዝግቡ። ይህንኑ በየሰዓቱ እየደጋገሙ ውሎዎን በሠንጠረዥ ያስፍሩ። ተራው የተለወጠበትን ሰዓት ያገኙ ይሆናል።

መድኃኒትና ጥንቃቄ

የታፈነ አፍንጫን የሚከፍቱ እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያሉ ጠብታዎች የሚሠሩት የሲምፓተቲክ ነርቮችን መልእክት በመኮረጅ ነው፤ ሥሮቹን አኮማትረው እብጠቱን ይቀንሳሉ። ነገር ግን ያለማቋረጥ ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ ኃይላቸው እንዳለቀ ሽፋኑ መልሶ ያብጣል። ሰውየውም ጠብታውን ይደግማል፤ እብጠቱም ይደጋገማል። በዚህ ሁኔታ ጤናማ የነበረ አፍንጫ በመድኃኒቱ ምክንያት ሊታመም ይችላል።

ስለዚህ መለየት ያለበት ነገር ተራው መለዋወጡ ነው። አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ እየጠበበ የሚከፈት አፍንጫ መደበኛ ሥራውን እያከናወነ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ የሚታፈን፣ የሚደማ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ የዑደት አይደለምና ሐኪም ሊያየው ይገባል።