እግር ስለሚደነዝዝበት ምክንያት

የሰውነታችን ስሜት ነርቭ በሚባሉት ቀጫጭን ክሮች ይመላለሳል። እነዚህም ከአከርካሪ ወጥተው እስከ እግር ጣት ይደርሳሉ። እሾኽ በወጋን ጊዜ ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሱ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ እግር የደነዘዘ እንደ ሆነ መልእክተኛው በመንገድ ተከለከለ ማለት ነው፤ በየት ቦታና በምን ምክንያት እንደ ተከለከለ መመርመር ይገባል።

አንደኛው ምክንያት መጫን ነው። ከጕልበት በታች በውጭ በኩል አንድ ነርቭ በቆዳ ሥር ያልፋል። ሰው እግሩን አነባብሮ ወይም ቁጢጥ ብሎ ብዙ ሰዓት የተቀመጠ እንደ ሆነ ይህ ነርቭ ይጫናል፤ እግሩም ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ከለቀቀው አያስፈራም።

ሁለተኛው ከወገብ የሚመጣ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ ከስፍራው ወጣ ሲል ነርቡን ይጫናል። ሕመሙና መደንዘዙም ከወገብ ተነሥቶ በአንድ እግር በኋላ በኩል ይወርዳል።

ሦስተኛው የስኳር በሽታ ነው። ይህ ከሁለቱም እግሮች ጣት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃ መጠማትና ሽንት ማብዛትም ብዙ ጊዜ አብረውት ይመጣሉ። አረቄ ማዘውተርም እንዲሁ ነርቭን ይጎዳል።

አራተኛው የሥጋ ደዌ ነው። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 ዓመት የዚህን ደዌ ረቂቅ ተሐዋሲ አገኘ፤ ስለዚህ ደዌው እርግማን ወይም የዘር ቅጣት አይደለም። መለያውም በቆዳ ላይ የሚወጣ፥ የገረጣ ወይም የቀላ፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ነው። እንደ ደዌው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን አፍሮ የተደበቀና የዘገየ ሰው፥ ደዌው ቢድንለት እንኳ የጠፋው ስሜት ላይመለስለት ይችላል። ያን ጊዜ እሳት ቢያቃጥለው አያውቅም፤ ቍስሉም እግሩን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እግርን የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ደዌው ብቻ ሳይሆን መደበቁ ነው።

መምህሩ ወይም ሽማግሌው እንዲህ አድርጎ ሊፈትን ይችላል። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍን፤ ፈታኙም የደነዘዘውን ስፍራ በጥቂት ባዘቶ ቀስ ብሎ ይንካ፤ ታማሚው የተነካበትን በጣቱ ያመልክት። ያልሰማው እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፈተናው ግን ለመላክ እንጂ ደዌውን ለመወሰን አይበቃም፤ ስሜት ቢኖርም መደንዘዙ የሚመላለስበት ሰው ሐኪም ይየው።

በድንገት ከአንድ ወገን እጅና እግር ደንዝዞ አፉ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ፥ ደግሞም ጭኑ መካከል ደንዝዞ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እግሩ የደነዘዘ ሰው ማታ ማታ የውስጥ እግሩን ይመልከት፤ ባዶ እግሩን አይሂድ፤ እግሩንም በእሳት አጠገብ አያሙቅ።

ጥያቄ።
1. ከስኳር በሽታ የመጣ መደንዘዝ ከወገብ ከመጣው በምን ይለያል?
2. የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ቢደበቅ ምን ያጣል?
3. በባዘቶ የሚፈተነው እንዴት ነው?