ከልጆች ጋር ወደ ሐዋሳ ልትዛወሩ ነው? ከቤቱ በፊት ውሃውን እዩ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። አንዷ እህታችን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ ሥራው ወደ ሐዋሳ ተቀየረ። የ4 ዓመትና የ7 ወር ልጆች አሉን። እስካሁን የኖርነው አዲስ አበባ ነው። ለልጆች የሚሆነው ሰፈር የቱ ነው? ታቦር ይሻለናል ወይስ ሐይቅ ዳር?»

ሰፈር መምረጥ የደላላ ሥራ ነው፣ ሐኪም ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ልጆችን ስለማክም፣ አዲስ የገቡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡበት ሕመም ከተከራዩት ቤት ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ አያለሁ። ስለዚህ መልሴ በሰፈር ስም አይጀምርም፣ በውሃ ነው የሚጀምረው። ደጅ ላይ የተኛው ውሃ፣ በርሜል ውስጥ ያለው ውሃ፣ ልጁ የሚጠጣው ውሃ፣ ልጁ ሊዋኝበት የሚሮጥበት ውሃ።

በመጀመሪያ ከፍታውን እንይ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 አካባቢ። ማለትም ያን 275 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ስትመጡ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችኋል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በጥቅሉ የወባ አገር ተብሎ ነው የሚታሰበው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ደግሞ ወባን አያውቃትም፣ ሰውነቱ ምንም ዝግጅት የለውም። እዚሁ ያደገ ጎረምሳ በሁለት ቀን ትኩሳት የሚያልፈው ነገር ለእናንተ የ4 ዓመት ልጅ ሆስፒታል መተኛት ሊሆን ይችላል። አባትና እናትም ብትሆኑ ያው ናችሁ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልግሻል።

ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሐዋሳ ልጅ ለማሳደግ ከማውቃቸው ከተሞች ሁሉ ደስ የምትል ናት። ሜዳ ናት፣ ልጅ ብስክሌት የሚነዳባት፣ ዛፍ ያላት ከተማ። ግን ለብስክሌት የተመቸው ሜዳነቷ ራሱ ችግር አለበት፦ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ውሃው ወዴት ይሂድ? ቁልቁለት ከሌለ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። ሐይቁም ቢሆን ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። በቋሚነት የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው፤ እሱም የጨለለቃን ረግረግ አልፎ ነው የሚመጣው። ከሻሸመኔ በኩል ስትገቡ በመኪና መስኮት የሚታያችሁ ለምለም አረንጓዴ ይሄው ነው። ያምራል። ለትንኝም ያምራል።

አንድ ነፃ ምክር ልስጣችሁ። ደላላ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ጠዋት ታቦር ተራራ ላይ ውጡ። ልጆቹም ይወዱታል። ከላይ ሆናችሁ ከተማዋን ስታዩ ሐይቁ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ረግረጉ የት እንደሆነ፣ አዲሱ ግንባታ ወዴት እየተስፋፋ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ ከምትራባበት ቦታ 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር ርቃ አትሄድም። ስለዚህ ረግረግ ጠርዝ ላይ ያለ አዲስ ቪላና መሃል ከተማ ያለ አሮጌ ግቢ፣ ኪራያቸው እኩል ቢሆን እንኳ ለልጃችሁ እኩል አይደሉም። እኔ ብሆን አሮጌውን ግቢ እመርጣለሁ።

ግን ከረግረግ ርቄያለሁና ድኛለሁ ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ነገሩን የቀየረ አንድ እንግዳ መጥቷል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ መነሻዋ እስያ የሆነች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞች ገብታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ስሟ የተጠራው እሷ ናት። የቀድሞዎቹ ትንኞቻችን የሚወዱት ደጅ ያለ ኩሬ ነው፤ እሷ ግን የከተማ ልጅ ናት። ያልተከደነ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ለሲሚንቶ ማጠጫ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ፣ የተጣለ ጎማ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የት አለ?

አንድ ቤተሰብ ልንገራችሁ፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ከአዲስ አበባ መጥተው ሁለት ወር አልሞላቸውም። ቤቱ ንጹሕ፣ ግቢው አበባ የሞላው። የ3 ዓመት ልጃቸው ተኮሰ። «የቦታ ለውጥ ነው፣ ምች ነው» ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸ፣ የትኩሳት ሽሮፕ ተሰጠው፣ ትንሽ ቀለል አለው። በሦስተኛው ቀን ማታ ሰውነቱን አንቀጠቀጠው፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሲመጣ ደሙ ውስጥ ያገኘነው ፋልሲፓረም ነው፣ የወባዎች ሁሉ ክፉው። ልጁ ተርፏል፣ አሁን ይሮጣል። እናትየው በተደጋጋሚ ትጠይቀኝ የነበረው «እኛ ግቢ እኮ ጠብታ ውሃ የለም!» እያለች ነበር። እውነቷን ነው። የአጥሩ ማዶ ግን ጅምር ፎቅ አለ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የዝናብ ውሃ ወራት ተኝቷል። ቤቱን ሲከራዩ ያዩት በቀን በ7 ሰዓት ነበር፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ማንም አይመለከትም።

ስለዚህ ቤት በቀትር አትዩ። ደላላ ሁሌም በቀትር ነው የሚያሳየው፣ ፀሐይ ሁሉን ነገር ታሳምራለች። ሁለተኛ ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተመለሱና ግቢው ውስጥ ሩብ ሰዓት ቁሙ። እግራችሁን ስንት ጊዜ እንደነከሳችሁ ቁጠሩ፣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በእርግጥ የነከሳችሁ ሁሉ የወባ ትንኝ አይደለችም፤ የፍሳሽ ትንኝም ትበዛለች። ቢሆንም የፍሳሽ ትንኝ የበዛበት ሰፈር ውሃ የሚተኛበት ሰፈር ነው። ከተቻለ ሦስተኛ ጊዜ ከዝናብ ማግስት ሂዱ። የሱቁን ባለቤት «እዚህ ጋ ጎርፍ ገብቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አከራይ ላይነግራችሁ ይችላል፣ ባለ ሱቁ ይነግራችኋል። ከተራራ ግርጌ ያለ ቤት ከሆነ ይሄን ጥያቄ በፍጹም አትዝለሉት።

መስኮት ላይ የትንኝ ወንፊት አለ? ከሌለ ራሳችሁ አስገጥሙ፣ ከአንድ ወር ኪራይ የሚያንስ ወጪ ነው። በርሜልና ሮቶ ይከደኑ። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በርሜሉን ደፍታችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። ልጆች ሁሌ አጎበር ውስጥ ይደሩ፣ «ዛሬ ሙቀት ነው» አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው የወባ ወቅት ነው፣ የበልጉ ዝናብ ተከትሎም ሁለተኛ ዙር አለ። ሥራ ለመቀየር ምርጫ ካላችሁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከመግባት ጥር ላይ መግባት ይሻላል፣ ልጆቹ ሰፈሩን ለምደው፣ እናንተም ወንፊቱን ጨርሳችሁ ትጠብቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ግን መስከረም ላይ ነው የሚከፈተው፣ ይገባኛል።

«መድኃኒት ቀድመን እንውሰድ?» የምትሉኝም አላችሁ። እሱ ለአጭር ጊዜ ጉዞ ነው። ለመኖር የመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ክኒን አይውጥም። የሚያድነው አጎበሩና ትኩሳት በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ነው።

አሁን ወደ መጠጥ ውሃው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ጉዳቱም ቶሎ ስለማይታይ ማንም አይፈራውም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ያለፈ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ከመቂ እስከ ዝዋይ ስታልፉ ጥርሳቸው የበለዘ ወጣቶች አይታችሁ ይሆናል። «አይፍቁም» ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፣ ውሃው ነው።

ይሄ ለናንተ ምን አገባው? ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው ልጁ እስከ 8 ዓመት እስኪሆነው ባለው ጊዜ ነው። ያቺ የጠየቀችኝ እህት የ7 ወርና የ4 ዓመት ልጆቿ ልክ እዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። አባትየው ያንኑ ውሃ ቢጠጣ ጥርሱ ላይ ምንም አይሆንም፣ ልጆቹ ግን የፊት ጥርሳቸው ሲበቅል ነጭ መስመር፣ ከባሰም ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። በፍቆ አይለቅም። መጠኑ በጣም ከፍ ካለና ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትንም ይጎዳል።

ስለዚህ አከራዩን «ውሃ አለ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ውሃው ከየት ነው?» በሉ። የከተማው የቧንቧ መስመር ነው ወይስ የግቢው የራሱ ጉድጓድ? በከተማው ዳር ዳር ያሉ አዳዲስ ቤቶችና ሪል እስቴቶች «የራሳችን ጉድጓድ አለን፣ ውሃ አይጠፋም» ብለው ነው የሚያስተዋውቁት። ለኔ ይሄ ማስታወቂያ ጥያቄ ነው የሚያስነሳብኝ። የፍሎራይድ ምርመራ ውጤት አሳዩኝ በሉ፤ ከሌለ ናሙና ወስዶ ማስመርመር ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በጣም አስፈላጊ ማሳሰቢያ፦ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ያከረዋል። ክሎሪን አያጠፋም። ተራው የሴራሚክ ማጣሪያም አያጠፋም። ማፍላትና ማከም ለተቅማጥ ጥሩ ነው፣ አትተዉት፤ ለፍሎራይድ ግን በአጥንት ከሰል ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሠራ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ወይም ለልጆቹ መጠጥና ለሕፃኗ ገንፎ ብቻ ሌላ ውሃ ለዩ። የታሸገ ከገዛችሁ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን የፍሎራይድ መጠን አንብቡ።

ጉድጓዱን ካነሣን አይቀር፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። በጠባብ ግቢ ይሄ ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ የጎረቤትም ሽንት ቤት ይቆጠራል።

ሐይቁን በአጭሩ። ዳሩ ላይ መሄድ፣ አሞራ ገደል ዓሣ መብላት፣ ጉማሬ ከሩቅ ማየት ሁሉም ሰላም ነው (ዓሣውን አብስላችሁ ብሉ እንጂ)። መዋኘት ግን አይሆንም። በዳርቻው ሣር ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች የሚተላለፍ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው በቆዳ ነው የሚገባው፣ ልጁ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም፤ እግሩን መንከሩ ይበቃል። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ሳይታከም ዓመታት ካለፈው የጉበት ጉዳት ያመጣል። መድኃኒት አለው፣ ግን እንደገና ከተነከረ እንደገና ይይዘዋል። ሐይቅ ዳር የምትከራዩ ከሆነ ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ጓደኞቹ «እንዋኝ» ማለታቸው አይቀርም፣ ከአሁኑ አስቡበት።

የመጨረሻው ፈተና ማታ ነው። የምትከራዩት ቤት ሆናችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ባጃጅ ፈልጉ። ይገኛል? ሌሊት የወባ ምርመራ የሚሠራ የቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድረስ ስንት ደቂቃ ነው? ሪፈራሉ ወይም አዳሬ ሆስፒታል በካርታ ላይ ቅርብ ሊመስል ይችላል፤ መብራት የሌለው ኮረኮንች መንገድ ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ከዋናው አስፋልት ማዶ ከሆነም አስቡበት፣ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚሄደው ከባድ መኪና በከተማዋ ነው የሚያልፈው።

እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በሰፈር ስም ካስገደድሽኝ፣ ታቦር ውስጥ ቀደም ብሎ የተገነባ፣ የከተማው ቧንቧ የገባለት፣ ቦዩ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ዙሪያው ጅምር ግንባታ የሌለበት ግቢ ከሐይቅ ዳር ውብ እይታ እመርጥልሻለሁ። ታቦር ሁሉ እንደዚያ አይደለም፣ እዚሁ ውስጥ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሐይቅ ዳርም ደረቅና በደንብ የተያዘ ግቢ አለ። ያገኛችሁትን ቤት አድራሻ ሳይሆን ያየሽውን ጻፊልኝ፦ ቦዩ፣ የውሃው ምንጭ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው።

ስትገቡ የሁለቱንም ልጆች የክትባት ካርድ ይዛችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የአጎበርም ጉዳይ እዚያው ጠይቁ። ወደፊት ልጁ ተኩሶት ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ብትሄዱም ለሐኪሙ «ከሐዋሳ ነው የመጣነው» በሉ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፣ ሐኪሙ ካላወቀ ወባን ላያስብ ይችላል።

ወደ ሌላ ቆላ ከተማ፣ ወደ አዳማ ወይም አርባ ምንጭ የምትዛወሩም ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።