«አይሆንም» የመጨረሻ ቃል አይደለም

አዲስ ቃላት፦ አዋጅ፣ አድልዎ፣ ችሎት፣ ይግባኝ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ትልቅ ነገር እንኳ በዳኛ ፊት ቢታጣ ይቻላል። ትንሽ ነገር ሳይዳኝ ሲቀር ግን ያንገበግባል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲትን የገበሬ ልጅ በሕፃንነቷ ልምሻ እግሯን መታት እንበል። አድጋ በአንድ የአበባ እርሻ ተቀጠረች። አበባ ትለያለች፣ ታስራለች። እጇ ፈጣን ነው። ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ ተቁሞ የሚሠራ ነው። «ከፍ ያለ በርጩማ ይሰጠኝና ተቀምጬ ልሥራ» ብላ አለቃዋን ጠየቀች። አለቃው «ለአንድ ሰው ብለን ሥርዓት አንለውጥም። ካልቻልሽ ተይው» አላት። በርጩማ ትንሽ ነገር ነው። ለእሷ ግን እንጀራዋ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ሥራዋን ትታ ትምጣ? የለም! በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት ደንግጓል። አሠሪው የሥራውን ቦታ፣ መሣሪያውንና ሰዓቱን ለአካል ጉዳተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል አለበት። ይህ ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም። አሠሪው «ማስተካከሉ ከአቅሜ በላይ ነው» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ወጪው፣ የድርጅቱ ስፋትና የሠራተኛው ብዛት ይታያል። አንድ በርጩማ አንድን እርሻ ያከስራል ቢባል ማን ያምናል?

አንድ ትልቅ ነገር እንያዝ። በሌላ ክስ ተበደልኩ ባዩ ማስረጃ ያቀርባል። በዚህ አዋጅ ግን «በአካል ጉዳቴ ምክንያት በሥራዬ አድልዎ ተደረገብኝ» ብሎ ለከሰሰ ሰው የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። አድልዎ አለማድረጉን የሚያስረዳው አሠሪው ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፦

«ለእርሻው አስተዳደር። እግሬ ጉዳተኛ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቆሜ መሥራት አልችልም። ተቀምጬ ግን ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት ከፍ ያለ በርጩማ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ስም፣ ፊርማና ቀን ይጻፍበት። አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ካለ ማማከር ይበጃል።

ሦስተኛ፣ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ ነው። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም። ሠራተኛዋ ተባርራ ከሆነ ግን ትፍጠን። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ክስ ከተባረረችበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

አራተኛ፣ ፍርዱ ካላረካት ይግባኝ አለ። ይግባኙ ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቀኑ ካለፈ እውነት ይዞም መቅረት አለ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነ መንገዱ ይለያል። በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ያቀርባል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ለልጁም ለጎረቤቱም ይህን ማመልከቻ ራሱ ይጽፋል። ቀኑን ራሱ ይቆጥራል። «እንዲህ ተብሏል» ሲሉት «እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ» ይላል። ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄዎች
1. ጥያቄን በጽሑፍ ማቅረብ ለምን ይጠቅማል?
2. በአዋጅ ቁጥር 568/2000 አድልዎ አለመደረጉን ማን ያስረዳል?
3. በሥራ ክርክር ይግባኝ በስንት ቀን ውስጥ ይቀርባል?
4. በቀበሌያችሁ ለምታውቁት አንድ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚሆን ማመልከቻ በደብተራችሁ ጻፉ።